የማላጋሲ ሕዝብ ታሪክ

ማላጋሲ ከሞዛምቢክ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በማዳጋስካር ደሴት የሚኖር ሕዝብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቲቱ ለአፍሪካ ትቅረብ እንጂ የሕዝቡ ቋንቋ፣ ማላጋስኛ፣ ከኦስትሮኔዥያ ቋንቋዎች ወገን ነው። የቅርብ ዘመዱ ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቦርኔዮ ደሴት የሚነገረው ማአንያን ነው። ዝምድናው በተራ ቃላት ሳይቀር ይታያል፦ ሰማይ በማላጋስኛ «ላኒትራ»፣ በማላይኛ «ላንጊት» ይባላል፤ ድንጋይ «ቫቶ» እና «ባቱ» ነው። የቤት እንስሳት ስም ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ከብት «ኦምቢ»፣ ውሻ «አምቦአ» መባላቸው ከስዋሂሊው «ንጎምቤ» እና «ምብዋ» ጋር ይዛመዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሺህ ዓመት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በጀልባ የመጡ ሰዎችና ከምሥራቅ አፍሪካ የተሻገሩ የባንቱ ተናጋሪዎች ተቀላቅለው አንድ ሕዝብ ሆኑ ይባላል፤ የዘር ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። ኋላም በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የሚኖሩት አንቴሞሮዎች ቋንቋቸውን «ሶራቤ» በተባለ የዓረብ ፊደል ይጽፉ ነበር።

በመካከለኛው ደጋ የነበረው የመሪና መንግሥት በንጉሥ አንድሪያናምፑይኒመሪና ተጠናከረ። ልጁ ቀዳማዊ ራዳማ (1810–1828) ከእንግሊዝ ጋር በ1817 ባደረገው ውል የማዳጋስካር ንጉሥ ተብሎ ታወቀ፤ በምላሹም ባሪያ ወደ ውጭ መሸጥን ከለከለ። በአገር ውስጥ ግን ባርነት እስከ 1896 ቀጥሏል። ማላጋስኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረውም በእርሱ ዘመን ነው። ተከታይዋ ንግሥት ቀዳማዊት ራናቫሉና ክርስትናን ከልክላ ብዙ አማኞችን አስገደለች።

ፈረንሣይ በ1895 ዋና ከተማዋን አንታናናሪቮን ያዘች። በዚያ ዘመቻ ከጥይት ይልቅ ብዙ የፈረንሣይ ወታደሮችን የፈጀው ወባ ነበር። በ1896 አገሪቱ ቅኝ ግዛት ስትሆን፣ የመጨረሻዋ ንግሥት ሣልሳዊት ራናቫሉና በ1897 ተግዛ በ1917 በአልጀርስ ሞተች።

መጋቢት 29 ቀን 1947 በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ትልቅ ዐመፅ ተነሣ። ፈረንሣዮች ቅጣታቸውን በጅምላ አደረጉት፤ በሞራማንጋ ወታደሮች በባቡር ፉርጎ ውስጥ በተዘጉ እስረኞች ላይ ተኮሱ። የማላጋሲ እንደራሴዎች የምክር ቤት ከለላቸው ተገፎ ተፈረደባቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ባለቅኔው ዣክ ራቤማናንጃራ ነበር። የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት የሟቾቹን ቁጥር መጀመሪያ 89 ሺህ ገደማ ካሉ በኋላ ወደ 11 ሺህ አወረዱት። በቁጥሩ ላይ ያለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም፤ ቀኑ ግን በየዓመቱ ታስቦ ይውላል።

ነፃነት በሰኔ 26 ቀን 1960 ተገኘ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፊሊቤር ጺራናና ነበሩ። በ1972 ተማሪዎች የፈረንሣይን የትምህርት ሥርዓት በመቃወም አደባባይ ወጡ፤ ጺራናናም በዚያው ዓመት ሥልጣን ለቀቁ። ዛሬ ማላጋስኛና ፈረንሣይኛ ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው።