የልጅ ቁመት ምን ይናገራል?

ልጃችሁ ከእኩዮቹ ቢያጥር «ዘሩ ነው» ትሉ ይሆናል። ዘርም ድርሻ አለው፤ ግን ብቻውን አይደለም።

በፈረንጆች 1829 ቪለርሜ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የወታደር ምልምሎችን ቁመት አመሳከረ። ኑሮው በደኸየበት አውራጃ ሰው አጭር ሆኖ አገኘው። ኋላም በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሕፃናት ተለኩ። ያን ጊዜ ሜትሩ የኑሮ ምስክር ሆነ።

በእኛስ አገር? በ1992 ዓ.ም. አምስት ዓመት ካልሞላቸው 100 ሕፃናት 58ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ወረደ። በአማራ ክልል ግን 46 ነበር። ጤፉም ገብሱም የሚበቅልበት አገር እኮ ነው! ነገሩ ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም። ወተትና እንቁላል ያላገኘ፣ ባልጠራ ውኃ ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን አጥንቱ አይረዝምም። ትምህርት ቤት ሲገባ የምታዩት ማጠር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓመቱ በፊት የጀመረ ነው።

እንግዲህ ልጁን ስታስለኩ ጫማው ይውለቅ፤ ተረከዙም መለኪያውን ይንካ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ግን ተጋድሞ ነው የሚለካው።