የሥራ መንገድን ሂሳብ ማን ይክፈል?

በፈረንጆቹ 1860ዎቹ የለንደን ባቡር ኩባንያዎች ሐዲዳቸውን ወደ መሃል ከተማ ሲያስገቡ በብዛት ያፈረሱት የድሃ ሰፈር ነበር። መሬቱ ርካሽ ነው፤ ነዋሪው ደግሞ ተከራይ ስለሆነ ካሳ ጠይቆ የሚሟገት አይደለም። ቤቱ የፈረሰበት ሠራተኛ ወደ ከተማው ዳር ተገፋ፤ ሥራው ግን እዚያው መሃል ቀረ።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1864 ግሬት ኢስተርን የተባለው ኩባንያ ዛሬ ሊቨርፑል ስትሪት ወደሚባለው ጣቢያ መስመር እንዲዘረጋ ሲፈቅድ፣ አንድ ግዴታ አብሮ ጻፈበት፦ ከኤድመንተንና ከዎልተምስቶው ሠራተኛውን በማለዳ ባቡር፣ ለአንድ ጉዞ በአንድ ፔኒ እንዲያመላልስ። በ1883 የወጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን ወደ ሌሎቹም ኩባንያዎች አሰፋው። መንግሥት ከርካሽ ትኬት ላይ የሚሰበስበውን ግብር ተወ፤ በምላሹ ኩባንያዎቹ የሠራተኛ ባቡር እንዲያቀርቡ ግድ ሆነባቸው። እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ርካሹ ትኬት የሚሠራው በማለዳ ብቻ ስለነበር፣ ሥራው አርፍዶ የሚጀምር ሰው ቀድሞ ደርሶ ደጅ ላይ መጠበቅ ነበረበት።

ፈረንሳዮች ሂሳቡን ለአሠሪው አካፈሉት። በ1971 በወጣ ሕግ፣ በፓሪስ አካባቢ ከዘጠኝ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከሚከፍለው ደመወዝ ላይ ተሰልቶ ለሕዝብ ትራንስፖርት ማዋጣት ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሠራተኛው በሰዓቱ በመድረሱ የሚጠቀመው ድርጅቱም ጭምር ነው። በ1982 ደግሞ የሠራተኛውን የወር ትኬት ግማሽ ዋጋ አሠሪው እንዲሸፍን ታዘዘ።

በጃፓን አሠሪው የመጓጓዣ ወጪ እንዲከፍል ሕግ አያስገድድም፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ግን በልማድ ይከፍላሉ። መንግሥትም በወር እስከ 150,000 የን ድረስ ከግብር ነጻ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ኩባንያው ቢከፍልም፣ በተጨናነቀው የቶኪዮ ባቡር ውስጥ ቆሞ የሚያልፈውን ጊዜ የሚከፍለው ሠራተኛው ነው።

የለንደኑ ታሪክ ለአዲስ አበባ ባዕድ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ኮዬ ፈጬና የካ አባዶ ገባ። በኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ የተነሳው ገላን ጉራ ገባ። የብዙዎቹ ሥራ ግን አብሯቸው አልሄደም። የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ በነጻ የሚሳፈርበት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለው፤ አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶችም ሰርቪስ ያቀርባሉ። የካፌ አስተናጋጇ፣ የሱቅ ሻጩ፣ የቀን ሠራተኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈው፣ ታክሲ እየቆራረጡ፣ ከትንሿ ደመወዛቸው ላይ ይከፍላሉ። ማለትም ከሁሉም ያነሰ የሚያገኘው ሰው ሙሉ ሂሳቡን ለብቻው ተሸክሟል።

«አውቶቡስ ይጨመር» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። የለንደን ፓርላማ ለድሃ የሚራራ ሆኖ አይታወቅም ነበር። ቢሆንም ሐዲዱን በፈቀደበት በዚያው ሕግ ውስጥ የሠራተኛውን የመመለሻ ዋጋ ጽፏል። ሰው ከመሃል ከተማ ሲነሳ የሚሰጠው አዲስ ቤት ይቆጠራል፤ ካሳውም ይሰላል። ከዚያ ቤት እስከ ሥራ ያለው የየቀኑ መንገድስ በማን ሂሳብ ተመዘገበ?