የቤንዚን ማደያ መግዛትና መከራየት፤ ለአባላት የቀረበ አጭር ታሪክ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ አባል «የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ከሚያንቀላፋ፣ በጅማ መንገድ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የነዳጅ ማደያ እንከራይበት» የሚል ሐሳብ ማቅረባቸው ይታወሳል። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ፣ እኛም ከልጅነት እስከ ጡረታ በነዳጅ ሥራ ዙሪያ የኖርን ስለሆንን፣ የምናውቀውን ብንጽፍ ይጠቅማል በማለት ተነሣን። ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል ስላላለፈ የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝ በይቅርታ ይታለፍ።

የልደታ ልጅ ከነዳጅ ሽታ ጋር ነው ያደገው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው እዚሁ ልደታ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር ከዚሁ ሜዳ ነው የተነሣው። እኛ ለሥራ ስንደርስ ግን አውሮፕላኑ ሄዶ ሰይቼንቶ ታክሲ ነበር የቀረን።

በዚያን ጊዜ ነዳጅ የሚያከፋፍሉት ሼል፣ ሞቢል፣ አጂፕና ቶታል ነበሩ። ማደያ የሚይዝ ሰው ወይ መሬቱንም ፓምፑንም ከኩባንያው ተከራይቶ ይሠራል፣ ወይ በገዛ መሬቱ ላይ ቤቱን ሠርቶ ፓምፕና ታንክ ከኩባንያው ይረከባል። ሰፈርተኛው ሁለተኛውን «የእገሌ ማደያ» እያለ ይጠራዋል፤ እገሌ ግን ከሌላ ኩባንያ አንዲት ሊትር መግዛት አይችልም። ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ አይደለም።

እኛ በ15 ዓመታችን ቀጂ ሆነን የገባንበት ማደያ ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ነበር። አሠሪያችን መሬቱን በጥሬ ገንዘብ የገዙ፣ ቦቴ በመጣ ቁጥር ታንኩን በዘንግ ራሳቸው የሚለኩ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ቤንዚን በሙቀት ይተናል፤ የጎደለው ከባለማደያው ኪስ ነው።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች በጦርነቱ ምክንያት ነዳጃቸውን ሲይዙ የዓለም ዋጋ ናረ። የእኛም መንግሥት ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በዚያው ሰሞን አድማ መቱ። ፓምፑን በጨርቅ ስንወለውል ዋልን። ከመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ግን አሠሪያችንን ሌባ እያለ ይሰድብ ነበር። «ዋጋውን የጨመረው ሌላ፣ ስድቡን የምሰማ እኔ» አሉን። ከ5 ቀን በኋላ መንግሥት ዋጋውን ቀነስ አደረገ፤ ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም፤ መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አሠሪያችን የገዙት መሬት የመንግሥት ሆነ። ማደያው ግን አልተዘጋም፤ የውጭዎቹ ኩባንያዎችም ማከፋፈላቸውን ቀጠሉ። በኋላ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። እኛም የእጅ ጽሑፋችን ደህና ስለነበረ ኩፖን እየቆጠርን እንድንመዘግብ ታዘዝን፤ ጸሐፊነታችን የተጀመረው እንዲህ ነው።

አሠሪያችን በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ውሉ በስማቸው ብቻ ነበር። ኩባንያው (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) ውሉ ለወራሽ አይተላለፍም ብሎ ፓምፑን ነቅሎ ሄደ። ለባለቤታቸው የቀረላቸው ግድግዳና ባዶ የዘይት መደርደሪያ ነበር። ታንክ ውስጥ ለቀረው ነዳጅ ሒሳብ ሁለት ዓመት ተመላለሱ። ድንኳኑን የተከለው፣ ንፍሮውንና እንጀራውን ያቀረበው ይኸው ዕድራችን ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ በሊዝ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ «ማደያ ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው ሕንፃውንና ዕቃውን ነው፤ ቦታውን ለተወሰነ ዘመን ነው የያዘው። ኩባንያዎቹም ተለወጡ። ሞቢል ለቶታል፣ ሼል ለኦይል ሊቢያ ተሸጠ፤ ኦይል ሊቢያም ኦላ ኢነርጂ ተባለ። እንደ ኖክና የተባበሩት ያሉ የአገር ውስጥ ኩባንያዎች መጡ። ነዳጁም ድሮ በሶቪየቶች እርዳታ ከተሠራው ከአሰብ ማጣሪያ ይመጣ ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ግን በጅቡቲ ሆነ። ለትንሽ ከተማ ማደያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቦቴው መንገድ ላይ ሲዘገይ ታንኩ ባዶ ይውላል፤ ኪራዩና የዘበኛው ደመወዝ ግን አይጠብቁም። ከማደያው ፊት ለፊት ደግሞ ልጆች በሃይላንድ ቤንዚን ለባጃጅ ይሸጣሉ።

ያልተለወጠው የዋጋው ነገር ነው። ዛሬም ዋጋውንና የባለማደያውን ድርሻ የሚወስነው መንግሥት ነው። ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል ሰልፉ ይረዝማል፤ ባለማደያው ቢደብቅም ባይደብቅም ደበቀ ይባላል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። የቆዩት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ ይሁንና ለረጅም ዘመን ኪራይ የሚፈርም ሰው ይህንን ሳያስብ መፈረም የለበትም።

እንግዲህ የእኛን አስተያየት እንናገር። አባላት በግላቸው አክሲዮን አዋጥተው ማደያ ቢከራዩ አንቃወምም፤ ከመግዛትም መከራየት ይሻላል። የሚከራየው ሰው ግን ውሉ በሞት ጊዜ ለማን እንደሚያልፍ በጽሑፍ ያስገባ። የዕድሩን ገንዘብ ግን አይነካ። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ጀሞም ሌላም ቦታ ተበትነን ሳለ አንድ ላይ ያቆየን ይኸው ሣጥን ነው። የገንዘብ ያዣችን በር በሌሊት ሲንኳኳ፣ ታንክ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ሊወጣ አይችልም።

የአሠሪያችን የሒሳብ ደብተር፣ የመጨረሻው ገጽ ሳይዘጋ፣ ባለቤታቸው ሰጥተውን በእጃችን ይገኛል። ለማየት የሚፈልግ አባል ከጠቅላላው ስብሰባ በፊት ቤታችን መጥቶ ሊያየው ይችላል።