ሁለት ወረርሽኝ በአንድ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው አምበርን ያገኛታል። የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኞቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተናት ያለፍናት የመንገድ ዳር ከተማ። ዛሬ የምናወራው ስለ ኤች አይ ቪ እና ስለ ኮሮና ነው። አምበርን ያነሳናት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሁለቱን ወረርሽኞች ታሪክ ጠጋ ብለን ስናየው ግማሹ የመንገድ ታሪክ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ኮሮና በደማቸው ውስጥ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ወገኖቻችንን ምን አደረጋቸው? በ2012 ዓ.ም. ይህን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አጭር ነበር፦ «የመከላከል አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ቶሎ ይጥላቸዋል።» መልሱ እውነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የጎደለውን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

የመጀመሪያው ወረርሽኝ

ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ከረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሾፌሮች 13 በመቶ፣ ከሴተኛ አዳሪዎች ደግሞ 17 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ ተገኘባቸው። ቫይረሱ አስፋልት ተከትሎ ይጓዝ ነበር፤ መኪናው ባደረበት ከተማ ያድራል፣ ከዚያ ወደ ትዳርና ወደ ገጠር ይገባል። ሕዝቡም «የሾፌርና የቡና ቤት ሴት በሽታ» ብሎ ደመደመ። በሽታው ከምግባር ጋር ተቆራኘ። የታመመ ሰው ተደበቀ፣ ያስታመመም ዝም አለ፣ ለለቅሶ የመጣውም የሟቹን በሽታ ስም ሳይጠራ ተመለሰ።

መንግሥት የኤድስ ፖሊሲ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. ሲገባ በክፍያ ነበር። መክፈል የቻለ ዋጠ፣ ያልቻለ ሞተ። በጥር 1997 ዓ.ም. በግሎባል ፈንድና በአሜሪካው ፔፕፋር ድጋፍ በነፃ መታደል ተጀመረ። እኛ ትምህርት ቤት ስንገባ እንግዲህ መድኃኒቱ ነበረ። የፀረ ኤድስ ክበቡ ግድግዳ ላይ የተሳለው ግን ገና አጥንቱ የወጣ ሰውና የራስ ቅል ነበር።

መድኃኒቱ ግን ግዴታ አለው። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ከተቋረጠ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ እየተቋረጠ ከተወሰደም መድኃኒቱን ይለማመዳል። ለመዋጥ ደግሞ በቀጠሮ ሄዶ መቀበል ያስፈልጋል። በትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። በጤና ጣቢያው የትኛው በር ላይ ወረፋ እንደያዝሽ ማታ ቡና ላይ ይወራል። ስለዚህ በአገራችን ብዙ ሰው በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ ዘመድ ጎረቤት በማያየው ከተማ ፋይል ያስከፍታል። የአምበሩ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የደብረ ማርቆሱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ። ሐሜትን ለመሸሽ የሚከፈለው ዋጋ የአውቶቡስ ቲኬት ነበር።

መጋቢት 2012

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ወረርሽኝ ብሎ ባወጀ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ አገኘች። በዚያው ወር መጨረሻ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን ለ14 ቀናት ዘጋ፤ የሕዝብ ማመላለሻም ታገደ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መኪኖች ሲፈቀድላቸው ደግሞ በግማሽ ወንበር ጫኑ፣ ታሪፉም ወደ እጥፍ ተጠጋ።

አሁን እስቲ ከከተማዋ ወጥታ መድኃኒቷን ስትቀበል የኖረች ሴት በዚያ ሰሞን ምን እንደሚገጥማት እናስብ። መኪና የለም። ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ እንዳትጠይቅ፣ ለዓመታት የደበቀችው ምስጢር በአንድ ቀን ይወጣል። ሆስፒታል እንዳትሄድ፣ ኮሮና ያለው እዚያ ነው እየተባለ ነው። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር ለእሷና ለእኛ እኩል ትርጉም አልነበረውም።

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በግንቦት 2012 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ስሌት፣ ሕክምናው ለስድስት ወር ቢቋረጥ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ብቻ ተጨማሪ 500 ሺህ ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠንቅቀው ነበር።

ሳይንሱ ምን አለ?

ኮሮና ራሱስ? መጀመሪያ ላይ ግምቱ ሁለት ጫፍ ይዞ ነበር። አንዳንዱ «ያልቃሉ» አለ። ሌላው «መድኃኒታቸው ይከላከልላቸዋል» አለ፤ ሎፒናቪርና ሪቶናቪር የተባሉት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ለኮሮና ተሞክረው ነበርና። በ2012 ዓ.ም. የወጡት ትላልቅ ሙከራዎች ግን ሆስፒታል የተኛን የኮሮና ታማሚ ከሞት እንደማያድኑ አሳዩ።

ከዚያ የደቡብ አፍሪካ ቁጥር መጣ። በዌስተርን ኬፕ የተደረገው ጥናት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች በኮሮና የመሞት ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ አመለከተ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 አገሮች የተሰበሰበ፣ ሆስፒታል የገቡ ከ15 ሺህ በላይ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎችን መረጃ አወጣ። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው በ30 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ከ200 በታች የወረደ ይበልጥ ተጎዱ።

የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በሉልን። ሲዲ ፎር በአብዛኛው የሚወርደው መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ ሰው ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕክምናው ያልሠራላት አንዲት ሴት ኮሮናን ከ200 ቀናት በላይ በሰውነቷ ተሸክማ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ሲለዋወጥ ተመዝግቧል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ የተገታለት ሰው ግን ከሌላው ሰው ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ስለዚህ የሳይንሱም መልስ ዞሮ ዞሮ ኪኒኑ ላይ፣ ኪኒኑም መንገዱ ላይ ይደርሳል።

የስድስት ወር ቀጠሮ

ታዲያ የተፈራው ሁሉ ለምን አልደረሰም? አንዱ ምክንያት ኮሮና ከመምጣቱ በፊት የተወሰነ አንድ ውሳኔ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጤናቸው ለተረጋጋና ቫይረሱ ለተገታላቸው ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ጀምራ ነበር። ዓላማው የሆስፒታሎችን ወረፋ ማቅለልና የታካሚውን ምልልስ መቀነስ ነው እንጂ ኮሮናን ማንም አላሰበም። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን ስድስት ወር ማለት መንገድ ሲዘጋ እቤት የተቀመጠ ሕይወት ሆነ። ረዘም ያለ ቀጠሮ ለሌሎችም እንዲሰጥ ተደረገ። ኮሮና የተዘጋጀ ነገር ባገኘበት ቦታ ጉዳቱ ቀነሰ።

ዛሬስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የኮሮናን ዓለም አቀፍ ድንገተኛ አደጋነት አነሳ። መንገዱ ግን አልተከፈተም። ከዚያው ዓመት ሐምሌ ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት መንገድ ደጋግሞ ተዘግቷል፤ በዚህ ጊዜ የዘጋው ወረርሽኝ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም፣ መድኃኒቱ በማን ገንዘብ እንደሚመጣ ያላሰብን ሁሉ ደነገጥን።

የስድስት ወር መድኃኒት ጥሩ ጋሻ ነው። ሆኖም ግጭትም ቢሆን፣ ወረርሽኝም ቢሆን፣ ገንዘብም ቢቋረጥ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ከመድኃኒቱ ርቆ የሚኖረው ሰው ነው። ያንን ርቀት ደግሞ የፈጠረው ጂኦግራፊ ብቻ አይደለም። ከአምበር ደብረ ማርቆስ ያለውን አስፋልት የሠራው መንግሥት ነው። አንድን ሰው በደጁ ካለው ጤና ጣቢያ አሽሽቶ በዚያ አስፋልት የሚልከው ግን የእኛ አፍ ነው። መንገድ መክፈት በእጃችን ላይሆን ይችላል። የጎረቤታችን ልጅ በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስትይዝ አይተን ዝም ማለት ግን እንችላለን።