ጥቁረቱ ከየት መጣ?

«ጥቁር ቢራ ኃይለኛ ነው» ሲባል ስለሰማን የእንግሊዙን ስታውት የቀመስነው በፍርሃት ነበር። መጀመሪያ የተቆላ ቡና፣ ቀጥሎ ያረረ ዳቦ፣ በመጨረሻም ምላስ ላይ የሚቆይ ምሬት። የፈራነው ኃይል ግን የለም!

ለካ ታሪኩ ሌላ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ኩሊዎች የሚያዘወትሩት ጠቆር ያለ ቢራ በእነሱው ስም «ፖርተር» ተባለ። «ስታውት» ያኔ ጠንካራ ማለት እንጂ ጥቁር ማለት አልነበረም። በኋላ ጠማቂዎች ሃይድሮሜትር በተባለው መለኪያ ሲፈትሹ፣ ቡናማው ብቅል ከፈካው ያነሰ ስኳር እንደሚሰጥ ደረሱበት። ወጪ ለመቆጠብ ፈካ ያለውን አበዙ፤ ቢራው ገረጣ። ጠጪው ደግሞ ዓይኑ የለመደው ጠቆር ያለውን ነው። ስለዚህ በተቃጠለ ስኳር ያቀልሙት ጀመር። በ1816 እ.ኤ.አ. ሕግ ከለከላቸው። በዓመቱ ዳንኤል ዊለር የተባለ ሰው ብቅል እስኪጠቁር የሚቆላ ማሽን ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አወጣ። ከዚህ ብቅል ጥቂቱ ብቻ ብዙ ቢራ ያጠቁራል።

እናም ወዳጆች፣ ያ ጥቁረት ዓይንን ለማሳመን የመጣ ነው። ጣዕሙን ምላሳችሁ ይፍረድ፤ ኃይሉን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ፐርሰንት ይንገራችሁ።