ጣሪያ የሌለው ግድግዳ
መርጡለ ማርያም፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ ምሥራቅ ጎጃም
ፎቶግራፍ

መጀመሪያ ድንጋዩን ጠጋ ብለው ይዩት። አበባውና ሐረጉ ተስሎ የተለጠፈ ሳይሆን ከድንጋዩ ላይ ተፈልፍሎ የወጣ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። የሐድያ ገዥ ልጅ የነበሩት እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆኑ፤ ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ በ1508 እ.ኤ.አ. ሲነግሥም አገሪቱን በሞግዚትነት መሩ። መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እሳቸው ናቸው። የቦታው ሰዎች ግን የመርጡለ ማርያምን ታሪክ ከእሌኒ አይጀምሩም፤ ወደ አክሱም ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሃ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ብሉይ ኪዳን ዘመን ይወስዱታል። «መርጡል» በግእዝ ድንኳን፣ አዳራሽ ማለት ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የእሌኒ ቤተ ክርስቲያን ከወርቅ የተሠሩ የመሠዊያ ሰሌዳዎች እንደነበሩት ጽፏል። እንዲህ ያለ ወሬ ሩቅ ይሄዳል፤ በ1530ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዳሉ መሪ የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ ክርስቲያኑን ዘርፎ አቃጠለው።

ካቶሊክነትን በተቀበሉት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በዚሁ ቦታ እንደገና ገነቡ። ስለዚህ ከፊትዎ ያለው ግድግዳ የእሌኒ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ጥርብ የማን እንደሆነ መለየቱ ዛሬም ያከራክራል። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ ካቶሊካዊነቱ አከተመ፤ ገዳሙ ግን ዛሬም ይቀደስበታል፤ ፍርስራሹም በቅጽሩ ውስጥ ነው።