የነገሥታትን መልክ የሣለች ሶፎኒስባ

ሶፎኒስባ አንጉይሶላ በኢጣልያ አገር በክሬሞና ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። የሰውን መልክ አስመስላ በመሣል ስለ ተመሰገነች፥ በፈረንጆች ቁጥር በ1559 ዓ.ም. ወደ እስፓንያ ንጉሥ ወደ ዳግማዊ ፊልጶስ ቤት ተጠርታ የንግሥት ኤልሳቤጥ ደንገጡር ሆነች። ለንግሥቲቱም ሥዕል ታስተምር፥ የቤተ መንግሥቱንም ሰዎች መልክ ትሥል ነበር። ነገር ግን ማዕረጓ የደንገጡር እንጂ የሠዓሊ ስላልነበረ፥ በዚያ በሣለችው ላይ ስሟን አልጻፈችም። ስለዚህ ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር የሚገኘው የንጉሡ ሥዕል ብዙ ዘመን የሳንቼዝ ኮኤሎ ሥራ ሲባል ኖረ።

በ1624 ዓ.ም. ወጣቱ ሠዓሊ ቫን ዳይክ በፓሌርሞ ሲጎበኛት ዓይኗ ደክሞ ነበር። መልኳን ሲሥልም፥ ብርሃኑን ከላይ ቢያበዛው የፊቷ መጨማደድ ጥላ እንደሚበረታ አስጠነቀቀችው። ዓይን ቢደክምም ጥበብ አልደከመም። የነገሥታትን መልክ ከመረሳት ያዳነች እጅ ግን፥ በዚያ ሥዕል ላይ የራሷ ስም እስኪመለስላት ከ400 ዓመት በላይ ጠበቀች።